ከፎቶው ጀርባ

ከሰዓት ነው፤ ድሬ በሙቀት ተኝታ፣
ኒሟ ጥላዋን ከደጄ ዘርግታ፣
ልጆች ከኋላዋ «ቻይና! ቻይና!» ሲሉ፣
ባጃጅ ነጂዎቹም በጥሩምባ ሲከተሉ፣
መጣች።
«ግቢ፣ ቻይና» አልኳት እኔም።
ሰላምታ መስሎኝ ነው፤ ስድብ አልነበረም።

ያባቴ ፎቶ ቤት፤ ሪቱሽ ነበር ሥራው፣
የደበዘዘ ከንፈር በእርሳስ ሲያበራው፣
ከጉንጭ ማዲያት ሲያጠፋ፣ ላንገት የሌለ ወርቅ ሲያጠልቅ፣
የባቡር ሠራተኛ ሚስት እንደ እመቤት ስትስቅ።
እሱ ሲሞት፣ ከዚያ ሁሉ የተረፈኝ
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ሙሉ ሴት፣ የማያውቁኝ።

ከፈተችው። ባንኮኒው ላይ ደረደረች፦
አንዷ ዓይኗን የጨፈነች፣
አንዷ ካሜራውን የተቆጣች፣
አንዷ የግመል ወተት ዕቃዋን ከጉልበቷ ያላወረደች
ለፎቶ እንኳ።
ደግሞ ገለበጠቻቸው። ያባቴ እጅ ጽሑፍ፦

«የፍሬን ያዡ ሚስት።»
«የጨው ነጋዴው እናት፤ ሦስት ኮፒ፤ ቀብድ ከፍላለች።»
«ሴት፣ ከአይሻ የመጣች።»
«ሴት።»
«ሴት፣ ቁጥር 14፣ አልወሰደችም።»

«ስማቸውስ?» አለች፣ ታይዋን ገበያ በተማረችው አማርኛ።
ስማቸው?
ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉ ፊት
አንድ እንኳ አላውቅም።

ጥቁሯን የቀለም ቁራጭ ድንጋይ ላይ ፈተገች።
የድሬን ውሃ ግን ታውቁት የለም ወይ፣
ሳሙና አላረፋ የሚል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ የሚጋግር፤
ቀለሟም እንደ እርጎ ቋጠረ።
ሳቀች። «ይሁን» አለች፣
«እነሱም የጠጡት ይህንኑ ነው።»

ሦስት ጭረት አሳየችኝ። «ሴት» ማለት ነው በኛ ፊደል፣ አለች፣
«ጥንት ሲጽፏት ተንበርክካ ነበር፤
ይኼ ጉልበቷ፣ ይኼ ክንዷ፣
ይኼ እንጃ፣ ምናልባት ቀንበር።»
«ያንተስ?»
ጻፍኩላት፦ ሴ፣ ከእግሯ አልቦ ያላት፤
ት፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ የቆመች።
ብዙ አየቻትና «የናንተዋ ቆማለች» አለች።
አፈርኩ።
ፊደሏስ ቆማለች፤ ስሟ የት ወደቀ?

ሦስት ወር ዞርኩ፤ መጋላ፣ አሸዋ፣ ገንደ ቆሬ፣
የሰው እናት በደረት ኪሴ ይዤ።
አንድ ሽማግሌ ከቁርጭምጭሚት ለየ፤
አንዲት አሮጊት ፎቶውን አሸተተች፣
ከዚያ «ሹኩሬ!» ብላ አለቀሰች።
ደሐቦ ተገኘች። ጠጅነሽ። ሲራኑሽ፣
አርመኗ፣ የመነጽር ጠጋኙ ልጅ።

ስሙን ባመጣሁ ቁጥር እሷ ብሩሽ ታነሳለች።
የደሐቦን ሻሽ በሰፊው፣ ባንድ ትንፋሽ፤
ሲራኑሽን ቅንድብ ብቻ አድርጋ ተወቻት፣ ፊቱን እኛ እንድንጨርስ።
የሹኩሬን ሹሩባ በፊደል ጎነጎነችው፣
ሹ፣ ኩ፣ ሬ፣ ሹ፣ ኩ፣ ሬ፣
እስከ ትከሻ ድረስ።

ለቁጥር 14 ግን ድሬ ራሷን ነቀነቀች።

ያኔ ያን ያባቴን ጥቁር ወረቀት ለመነችኝ፣
የፎቶ ወረቀት ከብርሃን የሚሸሸግበትን፤
ቀለም የለም፣ ብሩሹን በባዶ ውሃ ነክራ
ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኩም።
ሙቀቱ ወዲያው ጠጣው።
ሊጠፋ ነው ስል፣ ቀረ፦
ስስ፣ ነጭ፣ የኖራ መስመር፤
ያ የምንረግመው ውሃ
አንዲትን ሴት ይዞ ቀረ።

በመጨረሻም ከየሥዕሉ ግርጌ
ቀይ ማኅተም ረገጠች፣ ጥፍር የምታህል።
«ይኼስ ምንድነው?»
«ስሜ» አለች። ቀና ሳትል።

ሦስት ወር ሙሉ!
የሙታን ስም ሳድን፣ ደጃፍ ለደጃፍ ስል፣
ማታ ተመልሼ «ደህና እደሪ፣ ቻይና»።

ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳኋት፣ ያለ ሪቱሽ።
ከጀርባው ልጽፍ እርሳስ ያዝኩ፤
ሦስቴ አረመችኝ፣ በአራተኛው ተወችኝ።
ከደጅ ልጆቹ፣ ያው፣ «ቻይና! ቻይና!»
ወጣሁና የትልቁን ጆሮ ያዝኩ፦
«ሩዪን በል፣ አቦ።
ሩ። ዪን።»